ከኋላው የተጠረዙት ሠላሳ ሁለት ቅጠሎች

ጥቅምት 9

ለወንድሜ ልጅ፤

ለጠፋብኝ ነገር ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ። ሰላምታውን ካስቀደምኩ ልቤ ይራራና ይህን ሳልጽፈው እቀራለሁ ብዬ ነው ከዚህ የጀመርኩት። አሁን ሰላምታው ይከተል። እንደምን ከረምሽ? ጤና ይስጥሽ፣ ዓይንሽን ያቆይልሽ፣ ከክፉ ባልደረባ ይሰውርሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ደረጃ ጠላ እንጂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ስትሞት አንቺ አራት ዓመትሽ ስለነበር አታስታውሻትም። ወሬኛ ነበር የምንላት። ስምንት ዓመቷ ነበር። ዘጠኝ ቀን ታመመች፤ በትኩሳቱ መሃል እንኳ አፏ አላረፈም። ከቀበርናት በኋላ ደግሞ የእኔ አፍ አላርፍ አለ። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት የተናገረችውን ለመጣው ሰው ሁሉ እደጋግም ነበር። ጎረቤቱ «በቃሽ፣ ተይው እንግዲህ» ይለኛል። አባትሽ ግን ወረቀት ይዞ መጣና «ለእኔ ንገሪኝ፤ ልጻፈው» አለኝ። ስድስት ቀን ነገርኩት፤ ስድስት ቀን ጻፈ።

እሱ የቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ ጠራዥ፣ እኔ የዚያው ቤት ጽዳት ሠራተኛ እንደነበርን ታውቂያለሽ። የጻፈውን ማንበብ አልችልም። «አንብብልኝ» ስለው እምቢ አለ። «በማይጠፋበት ቦታ አስቀምጬዋለሁ። አንቺ ማንበብ ተማሪ፣ ያኔ የት እንዳለ እነግርሻለሁ» አለኝ። የራሴን ቃል መያዣ አድርጎ ሊያስተምረኝ ነው። ተናደድኩ። እልኸኛ መሆኔን ታውቂያለሽ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልማርም አልኩ። አንድ ጠዋት ከሙጫው ጣሳ አጠገብ ወድቆ ሞተ፤ ቦታውንም ሳይነግረኝ ይዞት ሄደ።

የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ከሚያሾፉብኝ ጎረምሶች ጋር። ማንበብ ስችል የጠረዛ ክፍሉን አገላብጬ ፈተሽኩ፤ ምንም የለም። አምና ጡረታ ስወጣ ቤተ መጻሕፍቱ ሥራውን ሁሉ በኮምፒውተር አድርጎ የድሮ የካርድ መሳቢያዎቹን ሊጥላቸው ነበር። ለምኜ ሠላሳ ስድስቱንም ወደ ቤቴ አስወሰድኳቸው። አልጋዬን ወደ ግድግዳ አስጠግቼ ነው ቦታ ያገኘሁላቸው። በየቀኑ ሃምሳ ካርድ አነባለሁ። ባለፈው ሳምንት ስለ ፍሳሽ ቦይ አሠራር የሚያወራ የአንድ ወፍራም መጽሐፍ ካርድ ወጣ። ከሥሩ በአባትሽ እጅ እንዲህ ይላል፦ «ከመጨረሻው ገጽ በኋላ 32 ቅጠል የእጅ ጽሑፍ ተጠርዟል። የእህቴ ቃል።»

ተንኮለኛ! የፍሳሽ ቦይ ማን ይዋሳል?

ወዲያው ሄድኩ። የመጽሐፉ ቦታ ባዶ ነው። ኃላፊውን ጠየቅኩት፤ ያንን ሠራተኞቹ «ጸጥታ» የምንለውን። ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገና፣

«እማማ፣ ይሄማ ከሁለት ዓመት በፊት ተነስቷል» አለኝ።

«ለምን ይነሳል?»

«የጋራ ካታሎጉ ሌሎች ዘጠኝ ቤተ መጻሕፍት አላቸው ይላል። ዘጠኝ ካላቸው የእኛ ትርፍ ነው።»

«ከኋላው የተጠረዘውስ?»

«እሱ እዚህ ላይ አልተጻፈም።»

«ካርዱ ላይ ተጽፏል እኮ!»

«ካርዱን ወደ ኮምፒውተር የገለበጡት እዚያ ማዶ ናቸው፤ የወንድምዎ ልጅ ያለችበት ቢሮ።»

ይኸውልሽ። የስንቱን አገር መጽሐፍ በአንድ ዝርዝር የምታሰባስቡት እናንተ ናችሁ። የአባትሽን መስመር የጣላችሁት እናንተ ናችሁ። መጽሐፌን ፈልጊልኝ።

አክስትሽ


ኅዳር 20

ለተከበሩ እትዬ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዲበረታ፣ ቤትዎ ሰላም እንዲውል ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ተቀምጬ አነበብኩት። ስለ ሥራዬ ጠይቀውኝ ስለማያውቁ ጥቂት ልንገርዎ። ከስድሳ አንድ ቤተ መጻሕፍት የካርድ ፎቶ ይመጣልናል። ሁለት ካርዶች ስለ አንድ መጽሐፍ የሚናገሩ ከሆነ አንድ ላይ እናደርጋቸውና ከሥር መጽሐፉ ያላቸውን ቤቶች እንዘረዝራለን። አንድ አንባቢ የትም ሆኖ የሚፈልገው መጽሐፍ የት እንዳለ ያውቃል። በቀን ሦስት መቶ ካርድ እንሠራለን። አንዱን ቅጂ ብቻ የሚመለከት ነገር፣ ማለት የተቀደደ ገጽ፣ የተጻፈበት ህዳግ፣ የተጨመረ ወረቀት፣ በጋራው መግለጫ ላይ አይገባም። ደንቡ እንዲህ ነው።

መጽሐፉ ካላቸው ዘጠኝ ቤቶች ለእያንዳንዳቸው ጽፌያለሁ። ትርፍ ተብሎ የተነሳ መጽሐፍ አንዳንዴ ለሌላ ቤተ መጻሕፍት ይሰጣልና አባቴ የጠረዘው ቅጂ ከእነሱ ወደ አንዱ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ከኋላው እንዲያዩልኝ ለምኛቸዋለሁ።

አንድ ነገር ይርዱኝ። መጽሐፍ ከመደርደሪያ ሲነሳ ቅጽ ይሞላል። እስሩ፣ ማለት መጻሕፍቱ የታሰሩበት ጥቅል፣ ወዴት እንደሄደና ያነሳው ሠራተኛ ማን እንደሆነ ከነፊርማው እዚያ ላይ አለ። ኃላፊውን ቢጠይቁልኝ ሥራው ይቀለኛል።

የወንድምዎ ልጅ


ታኅሣሥ 17

ለወንድሜ ልጅ፤

ዕድሜ ከጤና ይስጥሽ። ደንብሽንም ያቆይልሽ፤ የምትወጅው ይመስላል።

ቅጹን ማን እንደፈረመው ማወቅ ምን ያደርግልሻል? አንድ ሠራተኛ ነዋ። የታዘዘውን አደረገ። እስሮቹ ወዴት እንደሄዱ ግን ሹፌሩን አግኝቼ ጠየቅኩ። «ጥቂቱን ለሌሎች ቤተ መጻሕፍት አድርሻለሁ፣ የቀረውን ወደ ካርቶን ፋብሪካ ነው የወሰድኩት» አለኝ። የትኛው እስር የት እንደወረደ አያስታውስም።

ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ ፋብሪካው ድረስ ሄድኩ። በሩ ላይ አንድ ዘበኛ ተቀምጧል።

«ምን ፈልገው ነው እናቴ?»

«መጽሐፍ።»

«እዚህ መጽሐፍ አይሸጥም።»

«ልገዛ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት በስህተት የመጣ ነው።»

ከልቡ ሳቀ። «ሁለት ዓመት? እዚህ ሁለት ቀን የሚያድር ወረቀት የለም እኮ። የእርስዎ መጽሐፍ አሁን እንቁላል ተሸክሞ ስንት ገበያ ዞሯል!»

ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁን ዋጠው። «የሰው ነገር ነበረበት እንዴ?»

«ነበረበት» አልኩት።

ወንበሩን ለቀቀልኝ። ተቀምጬ ግቢውን አየሁ። ጋዜጣ፣ ደብተር፣ የመድኃኒት ማሸጊያ፣ ሁሉም ተደባልቆ እንደ ኮረብታ ተቆልሏል። አንድ መኪና ከኋላ እየገፋ ወደ ትልቅ ገንዳ ያስገባዋል። ውሃው ግራጫ ነው። ዘበኛው የራሱን የውሃ ብርጭቆ አጥቦ ሰጠኝ።

አሁን ተስፋዬ ዘጠኙ ላይ ነው። መልሳቸውን ቶሎ ላኪልኝ። ለምን እንደቸኮልኩ ልንገርሽ። የተናገረችው እየጠፋኝ ነው። አባትሽ ሲጽፍ ትኩስ ነበር፤ እኔ ግን ስድሳ አራት ዓመቴ ነው። ድሮ በቃሌ የምለው ነበር፤ አሁን መሃሉ ይጎድላል። ፊደል የቆጠርኩት ለዚህ ነው እንጂ ጋዜጣ ላነብበት አይደለም።

አክስትሽ


ጥር 14

ለተከበሩ እትዬ፤

እንደምን አሉ? ሰላምዎ ይብዛ።

ስምንቱ መልስ ልከዋል። ከመጨረሻው ገጽ በኋላ ምንም የለም። በአንደኛው ቤተ መጻሕፍት ያለ አንድ ቀልደኛ ሰው «ከኋላው ያገኘሁት የአይጥ ጥርስ ብቻ ነው» ብሎ ጽፎልኛል። ዘጠነኛውን እጠብቃለሁ። ቅጹንም እርስዎን እንዳላስቸግር ብዬ ራሴ ከኃላፊው ጠይቄያለሁ።

ፋብሪካ ድረስ ብቻዎን ባይሄዱ ይሻላል።

የወንድምዎ ልጅ


መጋቢት 22

ለወንድሜ ልጅ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ታመሽ ከሆነ ይማርሽ፤ ካልታመምሽ ግን ሁለት ወር ሙሉ ምን ዘጋሽ?

ጸጥታን መንገድ ላይ አገኘሁት። ቅጹን የካቲት መጀመሪያ ላይ እንደላከልሽ ነገረኝ። ዘጠነኛውም መልስ ሳይደርስሽ አልቀረም። ለአባትሽ ቀብር ያልመጣሽ ጊዜም እንዲህ ነበር ያደረግሽው፤ ዝም አልሽ፣ ሦስት ወር ቆይተሽ ስለ አየሩ ጻፍሽልኝ።

ዛሬ መጽሐፉን አልጠይቅሽም። የምታውቂውን ንገሪኝ፤ እሱ ይበቃኛል።

አክስትሽ


ሚያዝያ 19

ለእትዬ፤

ሰላምታዬን ዛሬ አሳጥረዋለሁ፤ ይቅርታዎን። ደህና ነኝ፤ አልታመምኩም።

ዘጠነኛው ቤትም ከኋላው ምንም እንደሌለ ጽፏል። መጽሐፉ የለም፣ እትዬ። ለሌሎች ቤተ መጻሕፍት የተሰጡትን ሁሉ በዝርዝራችን ላይ አንድ በአንድ ተከታትያለሁ። ያልተገኘው ፋብሪካ የገባው ነው።

የምታውቂውን ንገሪኝ ብለውኛል፤ እነግርዎታለሁ። የአባቴን ካርድ የሠራሁት እኔ ራሴ ነኝ። ከአራት ዓመት በፊት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ሁለት መቶኛው ካርድ ግድም ላይ፣ የእሱ እጅ ጽሑፍ ማያው ላይ ድንገት ወጣ። ቁጥር ሁለትን እንዴት እንደሚጽፍ ያስታውሳሉ? ጭራዋን ረዘም ያደርጋታል። በእሷ ነው ያወቅኩት። ከሞተ ስምንት ዓመቱ ነበር።

ደንቡን ነግሬዎት ነበር፤ ግማሹን ደብቄ ነው እንጂ። አንዱን ቅጂ የሚመለከተው ነገር ከጋራው መግለጫ ይወጣል፤ ነገር ግን ለባለቤቱ ቤተ መጻሕፍት በማስታወሻ ይላካል፣ እነሱም በራሳቸው መዝገብ ላይ ያስገቡታል። የማስታወሻው ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ ነው የሚቀመጠው። መሙላቱ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

አልሞላሁትም። «የእህቴ ቃል» የሚለውን አነበብኩና እጄ ቆመ። እኔ ወደዚህ ስመጣ አባቴ ተቀየመኝ። እስኪሞት ድረስ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ መስመር አልጻፈልኝም። እኔ በየወሩ እጽፍለት ነበር። ለእርስዎ ግን ሠላሳ ሁለት ቅጠል ጻፈ፣ ጠረዘ፣ ካርድ አወጣለት። ቀናሁ፣ እትዬ። ምን እንደተጻፈበት አላውቅም ነበር፤ የወሬኛ መሆኑን ከደብዳቤዎ ነው የሰማሁት። መስመሩን አጠፋሁና ወደሚቀጥለው ካርድ ሄድኩ። ያን ቀንም ሦስት መቶውን ጨርሻለሁ።

የወንድምዎ ልጅ


ግንቦት 13

ለወንድሜ ልጅ፤

እግዜር ይይልሽ ልል ብዕሬን አንስቼ ነበር፤ አስቀመጥኩት። አባትሽ ስለ ሌላ ሰው በመጻፉ ቀናሁ አልሽ፤ የቀናሽባት ልጅ እኮ አፈር ውስጥ ናት።

ይህን ካልኩ በኋላ ደብዳቤሽን ደግሜ አነበብኩት። ስለ ራስሽ ሁሉን ተናገርሽ፤ መጽሐፉ ስለተነሳበት ቅጽ ግን አንዲት ቃል የለም። ቅጹን አይተሻል። ከሥሩ ያለውን ፊርማም አይተሻል። ፊደሎቹ እንደተጣሉ ሰዎች ተራርቀው የቆሙበት ፊርማ የማን እንደሆነ አይጠፋሽም፤ በየደብዳቤው መጨረሻ ታይዋለሽ።

እኔ ነኝ ያነሳሁት። ከሁለት ዓመት በፊት ጸጥታ ቢሮው ጠርቶ ዝርዝር ሰጠኝ። «አሁን እኮ ያነባሉ፤ እርስዎ ይሥሩት» አለኝ። በዚያ ቤት በሠራሁበት ዘመን ሁሉ መጥረጊያ እንጂ ወረቀት ተሰጥቶኝ አያውቅም። ጋውኔን አጥቤ ተኩሼ ነው በማግስቱ የመጣሁት። መቶ አርባ መጽሐፍ ነበር። ቁጥሩን ከዝርዝሩ አነባለሁ፣ መጽሐፉን አወጣለሁ፣ ከፊት ገልጬ «ተሰርዟል» የሚለውን ማኅተም እመታለሁ፣ አሥር አሥሩን በገመድ አስራለሁ። እየዘፈንኩ ነበር ብልሽ ታምኛለሽ? ጸጥታ በበሩ ብቅ ብሎ «ጸጥታ!» እስኪለኝ ድረስ።

ሁሉንም ከፊት ገለጥኩ። ከኋላ አንዱንም አልገለጥኩም። የፍሳሽ ቦዩን መጽሐፍ አስታውሰዋለሁ፤ ከባድ ስለነበር ከእስሩ ታች አደረግኩት።

ጥቅምት ላይ ጸጥታ «ከሁለት ዓመት በፊት ተነስቷል» ሲለኝ እዚያው ቆሜ አወቅኩ። ወደ ቤቴ ሄጄ ለአንቺ ጻፍኩ። የእኔን እጅ ከማይ የአንቺን ማየት ቀለለኝ። ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ ያልኩትን አላነሳም። ሁለተኛ ሰው እጨምርበታለሁ እንጂ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ፊርማዬን አይተሽ ለምን ዝም አልሽ?

አክስትሽ


ሰኔ 16

ለእትዬ፤

ሌሊቱ ያሳርፍዎ፣ ቀኑም ይቅለልዎ።

ፊርማዎን ያየሁ ቀን ቅጹን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። የእኔን ጥፋት ሳልነግርዎ የእርስዎን ብናገር በደብዳቤ መምታት ይሆንብኛል ብዬ ነው። የራሴን ለመናገር ደግሞ ድፍረት አጣሁ። ሁለቱ ወር ያለፈው በዚህ ነው።

አንድ ነገር ልለምንዎ። እንደገና ይንገሩኝ። የሚያስታውሱትን ሁሉ ይጻፉልኝ፤ እየቆራረጡም ቢሆን፣ በስንት ደብዳቤም ቢሆን። እኔ አስተካክዬ እገለብጠዋለሁ። የጎደለው ቦታ ላይ አባቴ እንዴት ይጽፈው እንደነበር አውቃለሁ፤ አጻጻፉን አውቃለሁ። አስጠርዤ እዚያው ቤተ መጻሕፍት አስገባዋለሁ። በጋራው ካታሎግ ላይ በራሱ መግለጫ ይገባል፤ ከሥሩ አንድ ቤት ብቻ ይኖረዋል። አንድ ብቻ ያለውን ማንም አያነሳውም።

የወንድምዎ ልጅ


ሐምሌ 21

ለወንድሜ ልጅ፤

መንገድሽ ይቅናልሽ፤ የምትገቢበት ቤት ደጁ ይከፈትልሽ። ይህን ዛሬ ከልቤ ነው የምለው።

የጠየቅሽውን ሞከርኩት። አራት ቀን ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። የወጣልኝ ይህ ነው። በሁለተኛው ቀን ጥርስ ሲነቀል የሚሄድበትን ጠየቀችኝ። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ሐኪሙን «እጅህ ለምን ይሸታል?» ብላ አሳፈረችው፤ ሳሙና ነው አላት፤ «ሳሙናህ መጥፎ ነው» አለችው። ከዚያ ደግሞ መስኮቱን ክፈቱት አለች፤ ወይ ዝጉት ነው ያለችው። ሁለቱንም እየጻፍኩ እሰርዛለሁ።

በመጨረሻው ቀን ለእኔ የተናገረችው ነገር ነበር። መኖሩን የማውቀው በአባትሽ ነው። በስድስተኛው ቀን ስነግረው ብዕሩን አስቀምጦ ወደ ውጭ ወጣ፤ ብዙ ቆይቶ ተመለሰና «ድገሚልኝ» አለኝ፤ ደገምኩለት፤ ጻፈው። ሲወጣ ጀርባው እስከ ዛሬ ይታየኛል። ልጄ ምን እንዳለችኝ ግን አላውቅም። የጠፋብኝ እሱ ነው።

እዚያ ላይ አባቴ እንዲህ ይጽፍ ነበር ብለሽ አንድ ነገር ልታገቢ ነው? ያምር ይሆናል። የእሷ ግን አይሆንም፤ እኔም ሳረጅ የእሷ መስሎኝ አምነዋለሁ። አይሆንም። በዝርዝራችሁ ላይ አታስገቢው። የጎደለው ይጉደል።

እንዴት እንደጠፋኝ ሳስብ ነው የከረምኩት። ያንቺ አንድ ደቂቃ አይደለም፤ የእኔም ማኅተም ብቻ አይደለም። አባትሽ ከጻፈው በኋላ ለማንም አልደገምኩትም። ስለ ልጄ የጠየቀኝ ሁሉ፣ ያሳደጓት ጎረቤቶች፣ አብረዋት የተማሩት፣ እናትሽም ጭምር፣ አንድ መልስ ነበር የምሰጣቸው። «ተጽፏል» እላለሁ። ሰውየው አፉ ይያዛል፤ እኔም ዞር እላለሁ። ወረቀቱ ይጠብቅልኛል ብዬ ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ አልኩ።

ትናንት ከጎን ያለችው ልብስ ሰፊ ጨርቅ ልትለካልኝ ገብታ «ልጅ አልነበረዎትም እንዴ?» አለችኝ። አፌ ለለመደው መልስ ተከፈተ፤ መልሼ ገጠምኩት። ከዚያ የሐኪሙን እጅ ነገርኳት። መለኪያዋን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ሳቀች፤ «ኧረ ምን ዓይነቷ ናት! ከዚያስ?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም አልኳት። አላፈርኩም።

«ይቅር ብዬሻለሁ» ብዬ ልጽፍልሽ ሞክሬ ነበር፤ አልወጣልኝም፤ ውሸት አልጽፍልሽም። ስትመጪ ግን የማውቀውን ትንሽ ነገር ለአንቺም እነግርሻለሁ፤ ሐኪሙን፣ ጥርሱን፣ መስኮቱንም በሁለቱም በኩል። ያለኝ ይህ ነው። ስለ ልጄ ለሚጠይቀኝ ሰው ግን ከእንግዲህ «ተጽፏል» ብዬ አልመልስም።

አክስትሽ